በቃል ያለ ይረሳል፦ ሰነድ በውልና ማስረጃ መረጋገጥ ያለበት መቼ ነው?

ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለምእመናን የቀረበ ትምህርት

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ ነቢዩ ኤርምያስም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት የሚገኝ እርሻ ከአጎቱ ልጅ እንዲገዛ ታዘዘ። ነቢዩ የግዢውን ገንዘብ 17 ሰቅል ብር መዘነ፤ በውሉ ላይ ፈረመ፤ አተመው፤ ምስክሮችንም አቆመ። ከዚያም የታተመውንና ያልታተመውን ሁለቱን የውል መጻሕፍት ለባሮክ ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው አዘዘ። ታሪኩ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ይገኛል። የሚያስደንቀው ነቢዩ እግዚአብሔርን ስለታመነ ውሉን ቸል አለማለቱ ነው። ተስፋው ጽኑ ስለ ነበር ሰነዱም ጽኑ እንዲሆን ፈለገ።

የእኛም አባቶች ይህን አላጡትም። የርስትና የጉልት ስጦታዎች በየገዳማቱ በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፉ ነበር። በጎንደር ዘመን በየአድባራቱ መጻሕፍት የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውሎች ከምስክሮቻቸው ስም ጋር ተመዝግበው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ራሷ የሀገሩ መዝገብ ቤት ነበረች ማለት ይቻላል። ዛሬ ይህን ሥራ በሕግ የተረከበ አካል አለ፤ እርሱም ሕዝባችን በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ግን ወደዚያ መሄድ የሚገባን መቼ እንደ ሆነ ጠንቅቀን አናውቅም። ይህን ትምህርት ልናቀርብ የወደድነውም ስለዚህ ነው።

ከደረሰብን እንነሣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ከተማ የንጹሕ ውኃና የአካባቢ ንጽሕና ሥራ ስናከናውን፣ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ቤትና ግቢ አሳየን። ቤቱን የሰጡት ልጅ ያልነበራቸው አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። እኛም እንደ አሠራራችን የይዞታ ማስረጃ ጠየቅን። የቀረበልን በደብሩ ጸሐፊ እጅ የተጻፈ፣ እናታችን በጣት አሻራቸው የፈረሙበት፣ ሁለት ሽማግሌዎች የመሰከሩበትና የደብሩ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ካርታው በእናታችን ስም እንደ ሆነ ነበር።

በዚያን ጊዜ እናታችን በሕይወት ነበሩ፤ አእምሯቸውም የነቃ ነበር። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ስጦታውን ለማስመዝገብ አንድ ቀን በበቃን ነበር። እኛ ግን የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ሥራውን ለመጀመር ቸኩለን ወረቀቱን ተቀበልን። የውኃ ማጠራቀሚያውም መጸዳጃ ቤቱም ተሠራ። እናታችን ካረፉ በኋላ የወንድማቸው ልጆች ወራሽነታቸውን አረጋግጠው ክስ መሠረቱ፤ ስጦታው በሕጉ የታዘዘውን ፎርም አላሟላም ተብሎም ተፈረደላቸው። ተማሪዎቹ በየምእመናኑ ቤት ተበተኑ። የሠራነው ማጠራቀሚያ ዛሬም ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ቆሞ ይታያል።

ወራሾቹን በክፋት መክሰስ አይገባንም፤ የጠየቁት ሕግ የሰጣቸውን ነው። የእናታችን ፈቃድ የባከነው በእኛና በደብሩ ቸልተኝነት ነው። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን የጣለበትን ምክንያት ማወቅ ለሌሎች አድባራት ትምህርት ስለሚሆን ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ማረጋገጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰነድን ማረጋገጥ ማኅተም ማሳረፍ ብቻ አይደለም። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሥልጣን የተሰጠው ሹም የሚፈርሙትን ሰዎች ማንነት ይመረምራል፤ ለመዋዋል ችሎታ እንዳላቸው ያያል፤ ስለሚያስተላልፉት ንብረት መብትና ሥልጣን እንዳላቸው ያጣራል፤ የሰነዱ ይዘት ከሕግና ከመልካም ጠባይ የማይቃረን መሆኑንም ይመለከታል። ከዚያም በፊቱ ያስፈርማል፤ ሰነዱን በመዝገብ ቁጥር ይመዘግባል፤ አንዱን ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ ያስቀምጣል። የኤርምያስ ሁለት የውል መጻሕፍት እዚህ ላይ ትዝ ይሉናል፦ አንዱ በእጃችን፣ ሌላው ብዙ ዘመን በሚቆይበት ስፍራ።

በዚህ መንገድ የተረጋገጠ ሰነድ በፍርድ ቤት ጠንካራ ማስረጃ ነው። በቀላል ክህደት አይፈርስም፤ የሚቃወመው ወገን በቂ ምክንያት አቅርቦ የፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይሁን እንጂ ማረጋገጫው ሐሰትን እውነት አያደርግም፤ ተዋዋዮቹ ስለ ዋጋው ወይም ስለ ውለታው ዋሽተው ከሆነ ኃላፊነቱ የራሳቸው ነው።

አገልግሎቱን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፣ በክልሎች ደግሞ በየክልሉ ሕግ ሥልጣን የተሰጣቸው የፍትሕ አካላት ይሰጣሉ። የቀበሌ ማኅተም፣ የዕድር ማኅተም ወይም የደብር ማኅተም ይህን ቦታ አይተካም። እነዚህ ማኅተሞች በየራሳቸው ጉዳይ የተከበሩ ናቸው፤ በሕግ ፊት ግን የውል ማረጋገጫ አይደሉም።

የግድ መረጋገጥ ያለባቸው ሰነዶች

አንደኛው ቤትን የሚመለከት ውል ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተደንግጓል። በመሬት ላይ የተሠራ ቤት ግን ይሸጣል፤ ይሰጣል፤ በመያዣም ይያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን፣ የአላባ ጥቅምን ወይም የመያዣ መብትን የሚያቋቁምና የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መመዝገብ እንዳለበት ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል እንደ ረቂቅ የሚቆጠር መሆኑን ገልጿል። ተዋዋዮቹ ውሉን ባልተካካዱበት ጊዜ ችሎቱ ለየት ያለ አተያይ ያሳየባቸው ጉዳዮች አሉ፤ ነገር ግን ሌላው ወገን አይክድም ብሎ ቤት መግዛት በዕድል መነገድ ነው።

ሁለተኛው ተሽከርካሪን የሚመለከት ነው። ሊብሬ ያለው መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ለደብሩ ሲሰጥም ሆነ ሲሸጥ ስሙ የሚዛወረው በተረጋገጠ ውል ነው። መኪናውን ተረክቦ ሊብሬውን በሰጪው ስም መተው ነገ አደጋ ቢደርስ ለሰጪውም ለተቀባዩም መከራ ነው።

ሦስተኛው ውክልና ነው፤ ውክልናን የሚሽር ሰነድም እንዲሁ። ስለዚህ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

አራተኛው የማኅበራት መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ነው። በዚህ ረገድ የማኅበሩ ዓይነት ስለሚለያይ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚያቋቁሙ እናቶችና ወጣቶች በቅድሚያ የወረዳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የገጠር መሬት ኪራይ፣ ስጦታና ውርስ ራሱን የቻለ ሕግ አለው፤ ምዝገባውም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይከናወናል።

ስጦታና ኑዛዜ፦ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ንብረት

ይህ ክፍል ለአድባራት ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ፈራሽ መሆኑን ይደነግጋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ በቁጥር 881 መሠረት በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና የተጻፈበት ቀን በራሱ በሰነዱ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ሰጪውና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሹም ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ ሲመሰክር ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

እንግዲህ የእናታችን ወረቀት የወደቀበትን እንመልከት። ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዳቸውም ሹም አልነበሩም። ወረቀቱ በፊታቸው ስለ መነበቡ አንዲት ቃል አልተጻፈችም። በዚህ ላይ እናታችን ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ሕጉ በቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ደካማውን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። በማያውቁት ጽሑፍ ላይ ጣታቸውን አስነክረው ቤታቸውን ያጡ ስንት አረጋውያን አሉ! እኛ ግን ጥበቃውን ስላልተጠቀምንበት የእናታችን እውነተኛ ፈቃድ ሳይቀር በእርሱ ወደቀ።

ኑዛዜ ከስጦታ ይለያል። ስጦታ በሕይወት ሳሉ የሚፈጸም ነው፤ ኑዛዜ ግን የሚጸናው ከሞት በኋላ ነው፤ ተናዛዡም እስከ ዕለተ ሞቱ ሊሽረው ይችላል። ኑዛዜ የግድ በውልና ማስረጃ መረጋገጥ የለበትም። በአራት ምስክሮች ፊት የተደረገውም፣ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ ጽፎ ቀን ሰጥቶ የፈረመበትም በሕግ ይጸናል። ቢሆንም በሹም ፊት የተደረገ ኑዛዜ ከጥርጥር ይጠብቃል፤ ቅጂውም አይጠፋም። ንስሐ አባቶች ኑዛዜ እንዲያስጽፉ በሚጠሩበት ጊዜ ይህን ቢያስታውሱ ቤተሰብን ከጠብ፣ ራሳቸውንም ከሐሜት ያድናሉ።

ሦስት ነገሮች እዚህ ላይ ይጨመሩ። የመጀመሪያው የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን አንዱ ተጋቢ ብቻውን ማስተላለፍ አይችልም። ስለዚህ ባል ያለ ሚስቱ ፊርማ፣ ሚስትም ያለ ባሏ ፊርማ የሰጡትን ቤት ደብሩ ባይቀበል ይመረጣል። ሁለተኛው የተቀባዩ ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 398 የሕግ ሰውነት አላት፤ ንብረቱ በእርሷ ስም ይሁን እንጂ ለጊዜው ተብሎ በአስተዳዳሪው፣ በቄሰ ገበዙ ወይም በገንዘብ ያዡ ስም አይዛወር። እነርሱም ሟች ናቸው፤ ወራሽም አላቸው። ሦስተኛው፣ ስሙ በካርታው ላይ እስኪዛወር ድረስ ሥራው አላለቀም። የተረጋገጠውን ውል ይዞ ወደ ይዞታ አስተዳደር መሥሪያ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ውክልና፦ እምነትን በልክ መስጠት

ሕዝባችን ውክልናን የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። እምነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ልክ ይኑረው። ሕጉ ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ይለያል። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ኪራይ መሰብሰብ፣ ቤት ማደስ፣ ዕዳ መክፈልና የመሳሰለው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ይህ ሥልጣን በሰነዱ ላይ በስሙ ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። በተጨማሪም ውሉ ራሱ በተለየ ፎርም እንዲደረግ ሕግ ካዘዘ ለዚያ ውል የሚሰጠው ውክልናም በዚያው ፎርም መደረግ አለበት።

ስለዚህ ኪራይ እንዲሰበስብልን ብቻ የምንፈልገውን ሰው «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ቃል ባለበት ሰነድ አንወክለው። ጸሐፊው ከኮምፒውተሩ የሚያወጣው የተዘጋጀ ጽሑፍ ሁሉንም ሥልጣን የያዘ ሊሆን ይችላል። ሳያነቡ መፈረም፣ ማንበብ የማይችሉም ሳያስነብቡ ጣት ማሳረፍ አይገባም።

ውክልና ሲሻርም በቃል «ተውኩት» ማለት አይበቃም። የመሻሪያው ሰነድ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት፤ ተወካዩና ከእርሱ ጋር የሚዋዋሉ ሰዎችም እንዲያውቁት መደረግ አለበት። ሌላ የተለየ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። አባታቸው በሰጧቸው ውክልና ከአባታቸው ሞት በኋላ ቤት የሚሸጡ ልጆች የሚያደርጉት በሕግ የተከለከለ ነገር መሆኑን አይረዱትም።

ከውጭ ሀገር ለሚላክ ሰነድ

በገልፍ ሀገሮች በሥራ ላይ ያሉ እኅቶቻችን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችንም ለወላጆቻቸው ውክልና ይልካሉ፤ ለትውልድ ደብራቸውም ቤት ይሰጣሉ። ቀላሉ መንገድ ፓስፖርት ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ በሹሙ ፊት መፈረም ነው። በአሜሪካ ያሉት በአካባቢያቸው ኖታሪ ፊት ከፈረሙ ሰነዱ በስቴቱና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ይቀርባል። ዋናው ሰነድ ኢትዮጵያ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያም በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የተላከ ውክልና አያገለግልም። በተቃራኒው ከሀገር ቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ሰነድ በውልና ማስረጃ፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እንደየሀገሩ ጥያቄም በዚያ ሀገር ኤምባሲ ያልፋል።

በተራ ጽሑፍ የሚበቃው

ሁሉም ወረቀት ወደ ውልና ማስረጃ ይሂድ አንልም፤ ይህ ድኻውን በመንገድና በገንዘብ ማድከም ይሆናል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በቁጥር 2472 መሠረት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ማረጋገጫ ግን ግዴታው አይደለም። ሕግ በጽሑፍ እንዲደረግ ያዘዘው ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች ይረጋገጥ። ለዋስትና የሚፈርም ሰው ደግሞ የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ ልክ መጻፉን ይመልከት፤ ልኩ ያልተጻፈበት ዋስትና በሕግ አይጸናም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች በተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት፤ ይህ ምዝገባ ከውልና ማስረጃው የተለየ ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲኬድ

የታደሰ መታወቂያ፣ የንብረቱ ዋና ካርታ ወይም ሊብሬ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የውሉ ጽሑፍና ምስክሮች ይዘጋጁ። ለደብሩ የሚፈርመው ሰው የሰበካ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤና ከሀገረ ስብከቱ የተሰጠውን የውክልና ደብዳቤ ይያዝ። ሰጪው በሕመም ወይም በእርጅና መንቀሳቀስ ካልቻለ አገልግሎቱን ባለበት ቦታ ለመስጠት አሠራር ስላለ አስቀድሞ ማመልከት ይገባል። «ሲሻላቸው ይሄዳሉ» እየተባለ ያለፉ ቀኖች አይመለሱም።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሰነድ ማስመዝገብ የሰጪውን ቃል መጠራጠር አይደለም፤ ሰጪው በማይናገርበት ቀን ቃሉ እንዲናገርለት ማድረግ ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ በማናቸውም ይዞታ ላይ ግንባታ ከመጀመራችን በፊት የተረጋገጠ ሰነድና በደብሩ ወይም በማኅበረሰቡ ስም የተዛወረ ካርታ መኖሩን በዓይናችን እናያለን። ሥራው ቢዘገይም እንጠብቃለን።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

1. ደብራችን በስጦታ የተቀበላቸው ቤቶች ስንት ናቸው? ካርታቸው በማን ስም ነው?
2. ከሰጪዎቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት እነማን ናቸው? ሰነዱን አብረን ለማስመዝገብ መቼ ልንሄድ እንችላለን?
3. በደብሩ ስም የተሰጡና ያልተሻሩ ውክልናዎች አሉን? ተወካዮቹ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ናቸውን?
4. ማንበብ ለማይችሉ ምእመናን ሰነድ ሲዘጋጅ የሚያነብላቸው ማን ነው?

ከአራቱ ሁለተኛውን አስቀድሙ፤ ቀጠሮም ያዙበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።